ቅመሞቻችን፣ የሽታ ዘይታቸውና ካንሰር

በማትናስ አዳራሽ ለወላጆችና ለአረጋውያን የተደረገ ንግግር

 

የዛሬው ርዕሳችን ከእኔ ይልቅ እናንተ የምታውቁት ነገር ነው። በርበሬ እንዴት እንደሚደለዝ፣ ቅቤ በምን በምን እንደሚነጠር፣ መከለሻ መቼ ወጥ ላይ ጣል እንደሚደረግ እኔ ለእናንተ አላስተምርም። እኔ ነርስ ነኝ። ቅመም ማመስ የተማርኩት ከእናቴ ነው፣ እሷም እስከ ዛሬ «አሳረርሽው» ትለኛለች። ነገር ግን በቁፓት ሖሊም በምሠራበት ክፍል አንድ ጥያቄ ሳልሰማ የሚያልፍ ሳምንት የለም። «ጥቁር አዝሙድ ካንሰርን ይከላከላል ይሉናል፣ እርድም እንዲሁ፤ እውነት ነው ወይ?» ይሉኛል። የሚጠይቁኝን አመሰግናለሁ። የሚያሳስበኝ ሳይጠይቅ ጠርሙሱን ከገበያ ገዝቶ የሚጠጣው ሰው ነው።

ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ ጡታቸው ላይ ሽንብራ የምታህል እብጠት አገኙ። ለማንም አልተናገሩም። ጥቁር አዝሙድ ዘይት ገዝተው ጧት ጧት አንድ ማንኪያ ይጠጡ፣ ማታ ማታ ደግሞ እብጠቱን ይቀቡት ነበር። ይህን ስምንት ወር አደረጉ። በስምንተኛው ወር ሽንብራዋ ሎሚ አክላ ልብስ ሲለብሱ ልጃቸው አየችባቸው። ሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ «ምነው አክስቴ፣ እኔ እያለሁልዎት?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ቀደም ብሎ ለሆዴ ስለምጠጣው ዘይት ለሮፌዋ ነግሬያት ሳቀችብኝ፤ ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልንገራት?» አሉኝ። ዛሬ በሕይወት አሉ፣ ለሰንበት ዳቦ ይጋግራሉ። ነገር ግን በትንሽ ቀዶ ሕክምና ያልቅ የነበረው ነገር ጡታቸውን በሙሉና የአንድ ዓመት ሕክምና ወሰደባቸው። ይህን እንድናገርም የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ዛሬ እዚህ በማንም ላይ የሚስቅ የለም። ስለ ቅመሞቻችን የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ፣ የትኛው እንደተረጋገጠ፣ የትኛው ገና ተስፋ ብቻ እንደሆነ አንድ በአንድ እናያለን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠራው እዚህ አገር በምንቆጥረው ነው።

ሽታው ምንድን ነው?

ቅዳሜ ማታ ሃቭዳላ ሲደረግ ልጆች ቅርንፉዱን እየተቀባበሉ ያሸታሉ። ቅርንፉዱ አልተፈጨም፣ እሳትም አልነካውም፤ ሽታው ግን አፍንጫችን ድረስ ይመጣል። ያ የሚመጣው በቅመሙ ውስጥ ያለና በቀላሉ ወደ አየር የሚተን ዘይት ነው። በዕብራይስጥ ሼመን ኤቴሪ ይባላል፤ እኛ ለዛሬ የሽታ ዘይት እንበለው። ከምግብ ዘይት ይለያል። የኑግ ዘይት ወረቀት ላይ ጠብ ቢል ቅባቱ እዚያው ይቀራል፣ የሽታ ዘይት ግን ተንኖ ይጠፋል።

ቅርንፉድ በዚህ ዘይት ሀብታም ነው። ደረቁ ቅርንፉድ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው የሽታ ዘይት ነው፤ ዋናው ነገሩም ዩጂኖል ይባላል፣ የጥርስ ሐኪም ክፍል ስትገቡ የሚሸታችሁ እሱ ነው። ኮረሪማ ውስጥ በብዛት ያለው ሲኒኦል የሚባለው ነው፤ ይኸው ንጥረ ነገር የባሕር ዛፍ ዋና ሽታም ነው። በነጭ አዝሙድና በጦስኝ ውስጥ ታይሞል፣ በድንብላል ውስጥ ሊናሎል አለ። ሁሉም የሚያወራለት የጥቁር አዝሙዱ ደግሞ ታይሞኪኖን ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከገበያ በጠርሙስ የምትገዙት የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከፍሬው ተጨምቆ የወጣ ነው፤ አብዛኛው ተራ የምግብ ቅባት ሲሆን የሽታ ዘይቱ በውስጡ ያለው ጥቂት ብቻ ነው።

በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲንና እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን ግን አይተኑም። በትክክል ከተነጋገርን የሽታ ዘይት አይደሉም። ሰው አብሮ ስለሚጠይቀኝ እኔም አብሬ አነሣቸዋለሁ።

እናቶቻችን ይህን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያውቁታል። ሽንኩርቱና በርበሬው መጀመሪያ ይቁላላል፤ መከለሻው ግን ወጡ ሊወርድ ሲል ነው ጣል የሚደረገው። ቀድሞ ቢገባ ሽታው ይወጣል። ጎረቤት ያሸተተው ሁሉ ከድስቱ የወጣ ነውና። ቅቤውም እንደዚያው ነው፤ የሽታ ዘይት በውኃ አይሟሟም፣ በቅባት ግን ይሟሟል። ኮሰረቱና ኮረሪማው በቅቤ ውስጥ ሲነጠር ሽታው ተይዞ የሚከርመው ለዚህ ነው።

ተመራማሪዎች ምን አገኙ?

አንድ ተክል ይህን ዘይት የሚሠራው ለእኛ ወጥ ብሎ አይደለም። ነፍሳት እንዳይበሉት፣ ሻጋታ እንዳይይዘው ራሱን ይከላከልበታል። ስለዚህ የሽታ ዘይት ኃይለኛ ነገር ነው፤ ሳይንቲስቶችም ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሊ ዋተንበርግ የሚባሉ ተመራማሪ ነበሩ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሰው በየቀኑ በሚበላው ነገር ውስጥ ካንሰርን የሚከላከል ነገር ይኖር እንደሆነ ይፈልጉ ነበር። አይጦችን የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ዘይት አበሏቸው፤ ከዚያ ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል ሰጧቸው። ዘይቱን ቀድመው የበሉት ዘይቱን ካልበሉት ያነሰ እብጠት አወጡ። ምክንያቱን ሲመረምሩ አንዱ ነገር ጉበት ሆኖ ተገኘ። ጉበታችን ውስጥ መርዝን አስረው፣ አጥበው ከሰውነት የሚያስወጡ ኤንዛይሞች አሉ። አንዳንድ የሽታ ዘይቶች እነዚህን ኤንዛይሞች ያበዟቸዋል፤ በቤት ውስጥ አንድ የነበረ የሚጠርግ ሰው ሦስት አራት እንደሚሆን ማለት ነው። ይህ በአይጥ ላይ የታየ እውነት ነው፣ ተረት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተመራማሪዎች የካንሰር ህዋስ በሳህን ላይ እያሳደጉ የቅመም ዘይት ጨመሩበት። ታይሞኪኖን፣ ዩጂኖል፣ ታይሞል፣ ኩርኩሚን ሁሉም ተሞከሩ፤ ህዋሱም ብዙ ጊዜ ሞተ። እናንተ ጆሮ የሚደርሰው «ጥቁር አዝሙድ ካንሰርን ገደለ» የሚለው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው። ወሬው ውሸት አይደለም፣ ጎዶሎ ነው። ሳህን ላይ ያለ ህዋስ በረኪና ቢጨመርበትም ይሞታል። በሳህን ላይ ዘይቱ ህዋሱን በቀጥታ ያጥለቀልቀዋል። በእኛ ሰውነት ግን የዋጥነው በሆድ ይፈጫል፣ በአንጀት ያልፋል፣ ጉበት ይቀይረዋል፤ ጡት ወይም ሳንባ ጋ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ኩርኩሚን ለምሳሌ በብዛት ቢበላም ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ እንደሆነ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ታዲያ በሰው ላይ አልተሞከረም ወይ? ተሞክሯል። በ2009 የታተመ አንድ የሳዑዲ ዓረቢያ ጥናት ሌላ ሕክምና ላልሠራላቸው 21 የካንሰር ሕሙማን ታይሞኪኖንን በአፍ ሰጥቶ ነበር። መድኃኒቱ ብዙም አልጎዳቸውም፤ የአንዳቸውም ካንሰር ግን አልቀነሰም። በአሜሪካም ከሽታ ዘይቶች የሚገኝ ፔሪሊል አልኮል የሚባል ነገር በአፍ የሚዋጥ ሆኖ ለካንሰር ሕሙማን ተሰጥቶ ነበር። በአይጥ ላይ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ነበር። በሰው ላይ ግን ማቅለሽለሹ በዛ፣ የተጠበቀውም ጥቅም አልታየም።

«መከላከልና ማዳን ይለያያል» የሚለኝ ይኖራል። ትክክል ነው፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ በሰው ላይ ተፈትኖ ካንሰርን መከላከሉ የተረጋገጠ የቅመም ዘይት የለም። ለምን መፈተን እንደሚያስፈልግ ደግሞ ከፊንላንድ የተገኘውን ታሪክ ስሙ። ካሮትና አረንጓዴ ቅጠል የሚበሉ ሰዎች የሳንባ ካንሰር እንደሚያንሳቸው ይታወቅ ነበር። ሐኪሞችም «ካሮትን ካሮት ያሰኘውን ቤታ ካሮቲን አውጥተን በክኒን እንስጥ» አሉ። ከ29,000 በላይ የሚያጨሱ ወንዶችን መዝግበው ለግማሾቹ ክኒኑን፣ ለግማሾቹ ባዶ ክኒን ሰጡ። በ1994 ውጤቱ ሲታተም ቤታ ካሮቲን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልወሰዱት 18 በመቶ በልጠው ተገኙ። በአሜሪካ ተመሳሳይ ጥናት ሲደረግ በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፣ እዚያም ጉዳቱ ታይቶ ነበርና። ካሮት አልጎዳም፤ የጎዳው ከካሮት ወጥቶ በብዙ መጠን የተሰጠው ነው። እኔ ጠርሙሱን የምጠረጥረው ለዚህ ነው።

ደግሞ ሐኪሞች ዕፅን ይንቃሉ ብላችሁ አታስቡ። ብዙ እናቶቻችን ለጡት ካንሰር በደም ሥራቸው የሚወስዱት ታክሶል መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ልጥ ነው። ለልጆች የደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲንም ከአበባ ተክል የመጣ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ተለክቶ፣ በሰው ላይ ተፈትኖ፣ ጉዳቱና ጥቅሙ ታውቆ መሰጠቱ ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ይህን ክፍል ልዝጋ። በሽታ ዘይቶች ውስጥ ካንሰርን ሊያመጡ የሚችሉም አሉ። ሳፍሮል የሚባለው፣ በጥቂቱ በገውዝ ውስጥ የሚገኘው፣ የአይጦችን ጉበት በካንሰር ስለጎዳ በ1960 በአሜሪካ ምግብ ውስጥ እንዳይጨመር ተከልክሏል። በበሶብላና በዘመዶቹ ውስጥ የሚገኘውም ሜቲል ዩጂኖል በዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም በ2023 «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ የሚችልበት ዕድል ያለው» ከሚባሉት ተርታ ተመድቧል። እባካችሁ ዛሬ ማታ ሄዳችሁ በሶብላውን እንዳትጥሉት። ለወጥና ለቅቤ የምንጠቀመው ቁንጥር ነው። ከኪሎ ቅጠል ተጣርቶ በትንሽ ጠርሙስ የገባውና ቁንጥሩ ግን አንድ ነገር አይደሉም።

ቤታችን ውስጥ ያለው አደጋ

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትሰሙኝ የምፈልገው ላይ ደርሻለሁ። ስለ ቅመምና ካንሰር ስንነጋገር በእርግጠኝነት የሚታወቀው ነገር ስለ ዘይቱ ሳይሆን ስለ ሻጋታው ነው።

በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ሲመረመር የበሉት የለውዝ መኖ ሻግቶ ነበር። ሻጋታው የሚሠራው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ዛሬ የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ጋር መድቦታል፤ የሚያጠቃውም ጉበትን ነው። በብዛት በአንድ ጊዜ ከተበላ ደግሞ በቀናት ይገድላል። በ2004 በኬንያ የሻገተ በቆሎ ከበሉት 317 ሕሙማን 125ቱ ሞተዋል።

ይህ ሻጋታ ለውዝና በቆሎ ብቻ አይደለም የሚይዘው። በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬም ይይዘዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ የሚገቡ ቅመሞችን በዚሁ መርዝ ምክንያት ተጨማሪ ምርመራ በሚደረግባቸው ምግቦች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ይህን የምለው የአገራችንን በርበሬ ለማዋረድ አይደለም፤ እኔም ከዚያ የመጣ በርበሬ ሲገኝ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ጉዞውን አስቡት። በርበሬው እርጥበቱ ሳይወጣ ይፈጫል፣ በፌስታል ይታሰራል፣ በሻንጣ ይጫናል፣ እዚህ ሲደርስ ለሦስት ቤት ይከፋፈላል፣ ከዚያ አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ከምድጃው በላይ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ምድጃው በፈላ ቁጥር እንፋሎቱ ወደ ላይ ይወጣል።

እዚህ የሚዘጋጀውም የራሱ ችግር አለው። በጎንደር በርበሬው በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ከተደለዘ በኋላ በሰፌድና በሰሌን ላይ በደጅ ፀሐይ ይሰጣል። እዚህ የምናሰጣው በረንዳ ላይ ነው። በአሽዶድና በኔታንያ የባሕሩ እርጥበት አለ፤ በክረምትም ፀሐይ የለም። ድልዙ ውስጡ ሳይደርቅ ከላይ የደረቀ ይመስላል። በእጅ ስትጨብጡት ከተጣበቀ አልደረቀም ማለት ነው። ፀሐይ ከሌለ በአነስተኛ ሙቀት ምድጃ ውስጥ፣ በሩን ትንሽ ከፍት አድርጎ፣ እስኪንኮሻኮሽ ማድረቅ ይቻላል።

የአፍላቶክሲን ክፋቱ አለመታየቱ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ሻጋታው ከታየ መርዙ ሊኖር ይችላል፤ ሻጋታው ባይታይም ሊኖር ይችላል። ብዙ እናቶች «አመስኩት እኮ» ወይም «ነፍቼ የሻገተውን አወጣሁት» ይሉኛል። በቤት ውስጥ ማመስና መቀቀል ይህን መርዝ አያጠፋውም። መንፋትም አያወጣውም። የሻጋታ ሽታ የሸተተ፣ የተጓጎለ፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር የታየበት በርበሬ መጣል አለበት። እናቴ አምስት ኪሎ በርበሬ ስታስጥለኝ አለቀሰች፤ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ስለዚህ ቅመም ስትገዙ ከተፈጨው ይልቅ ፍሬውን ግዙ፤ ፍሬው እርጥበትን ይቋቋማል፣ የሽታ ዘይቱም አይጠፋበትም። ትንሽ ትንሽ ፍጩ። በፌስታል ሳይሆን ክዳኑ በሚገጥም ብርጭቆ ዕቃ አስቀምጡ፣ ከምድጃም አርቁት። ብዙ በርበሬ ካለ በደንብ ከደረቀ በኋላ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ በረዶ ቤት ይቀመጥ። በእርጥብ ማንኪያ አትጨልፉት። ይኸው ነው፣ ገንዘብ አያስወጣም።

አሁን ደግሞ አንድ ከባድ ነገር እናገራለሁ። አፍላቶክሲን ብቻውን የሚያደርገውና ከሄፓታይተስ ቢ ጋር የሚያደርገው እኩል አይደለም። በቻይና ሻንጋይ ከ18,000 በላይ ወንዶችን የተከታተለ ጥናት በ1994 ታትሞ ነበር። መርዙ ብቻ የተገኘባቸው ሰዎች የጉበት ካንሰር አደጋቸው ከሌላው ሰው 3 እጥፍ ያህል ነበር። ቫይረሱ ብቻ ያለባቸው 7 እጥፍ። ሁለቱም የተገኘባቸው ግን 60 እጥፍ ገደማ። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ሰው የያዘ በሽታ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ይተላለፋል፣ ለብዙ ዓመታትም ምንም ሕመም ሳይሰማ በደም ውስጥ ይኖራል። በእስራኤል ከ1992 ጀምሮ የሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ ይከተባሉ። ከዚያ በፊት የተወለድን፣ ኢትዮጵያም የተወለድን ሰዎች ግን ደማችንን አስመርምረን ማወቅ አለብን። ቫይረሱ ከተገኘ የሚቆጣጠር መድኃኒት አለ፤ ጉበቱም በየጊዜው በአልትራሳውንድ ይታያል።

ስለ ደም ሳነሣ ፊታችሁ ሲለወጥ አያለሁ። በ1996 የለገስነው ደም በስውር ይጣል እንደነበር የሰማን ቀን እኔም አልረሳውም። ያ ቁስል አለ፣ የለም አልልም። አሁን የምጠይቃችሁ ምርመራ ግን ለራሳችሁ ነው፤ ውጤቱም በምስጢር ይያዛል።

ጠርሙሱን በተመለከተ

የሽታ ዘይት ጠርሙስ ቤት ውስጥ ካለ እንደ መድኃኒት ተቆጥሮ ከልጆች ይቆለፍበት። አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ የቅርንፉድ ዘይት የዋጠ ትንሽ ልጅ ራሱን ስቶ ጉበቱ ተጎድቶ እንደነበር በሐኪሞች ተመዝግቧል። የባሕር ዛፍ ዘይትም ሕፃናትን ያንዘፈዝፋል። ጉንፋን የያዘው ልጅ አፍንጫ ውስጥ ጠብ አታድርጉ።

መድኃኒት የምትወስዱም ተጠንቀቁ። ደም ማቅጠኛ ኩማዲን የምትወስዱ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ በክኒን መልክ ሲወሰዱ ደም መፍሰስን ሊያብሱ ይችላሉ። ጥቁር አዝሙድና አብሽ በብዛት ሲወሰዱ ስኳር ስለሚቀንሱ ከስኳር መድኃኒት ጋር ተደራርበው ሊጥሏችሁ ይችላሉ። ከጡት ካንሰር በኋላ ታሞክሲፈን የምትወስዱ እናቶች ይህን በተለይ ስሙ። በሆላንድ በ2019 በታተመ ጥናት እርድና ቁንዶ በርበሬ የተቀላቀለበትን ክኒን የወሰዱ ሴቶች በደማቸው ውስጥ የሚሠራው የታሞክሲፈን ኃይል 12 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ካንሰር ይከላከልልኛል ብለው የዋጡት ክኒን የካንሰሩን መድኃኒት አዳከመው ማለት ነው። አልጫ ወጥ ላይ የምትጨምሩት እርድ ግን አያሳስባችሁ፣ ብሉት። በዚያው ዓመት በጣሊያንም የእርድ ክኒን የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው ታሞ ነበር።

ሮፌው ጋ ስትገቡ ከመድኃኒቶቻችሁ ጋር ጠርሙሱንም ይዛችሁ ግቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። ቢስቅ ይሳቅ። ካልሰማችሁ ወደ ነርሷ ኑ፣ ወይም የሚያስተረጉም ሰው ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። በሳቅ ምክንያት ስምንት ወር መጥፋት የለበትም።

ታዲያ ካንሰርን ምን ይከላከላል? የሚታወቀው ጥቂት ነው፣ ግን በሰው ላይ የተረጋገጠ ነው። 50 ዓመት የሞላት ሴት በየሁለት ዓመቱ ማሞግራፊ፤ 50 ዓመት የሞላው ወንድም ሴትም በየዓመቱ የሰገራ ደም ምርመራ፤ ሁለቱም በቁፓት ሖሊም ያለ ክፍያ ነው። የማህፀን በር ምርመራም አለ፣ ሴት ልጆቻችሁ እንዳያፍሩ ንገሯቸው። በስምንተኛ ክፍል ለልጆች የሚሰጠው የፓፒሎማ ክትባት የማህፀን በር ካንሰርን ይከላከላል፤ የፈቃድ ወረቀቱ ቤት ሲመጣ ሳትፈርሙ አትተዉት። ጨጓራችሁን ለብዙ ጊዜ የሚያቃጥላችሁ የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ጠይቁ፤ የጨጓራ ካንሰር ከሚያመጡት አንዱ እሱ ነው፣ በአንቲባዮቲክም ይድናል። የልጆቻችሁም ናርጊላ ጣፋጭ ስለሸተተ ጭሱ ጭስ መሆኑ አይቀርም።

ቅመሙስ? ቅመሙ ለምግብ ይሁን። በኮረሪማና በድንብላል የጣፈጠ ምስር ወጥ ጨው ሳይበዛበት ይበላል፤ ልጆቻችንም ከሚበሉት ቺፕስና ከረጢት ምግብ ይልቅ ሽሮና ምስር እንዲወዱ የሚያደርግ ሽታ ለጤናቸው ብዙ ይሠራል።

ጥያቄ የጠየቁኝን ሁለት እናቶች መልሼ ልጨርስ። አንዷ ምራታቸው እርጉዝ ናት፤ ቡናዋ ላይ ጤና አዳም ይጣልላት ወይ ብለውኛል። አይጣልላት። ጤና አዳም ማህፀንን ሊያኮማትር የሚችል ነገር አለው፤ እስክትወልድ ቡናዋን ያለ እሱ ትጠጣ፣ ቡናውም ራሱ አይብዛባት። ሁለተኛዋ እናት ቡና ካንሰር ያመጣል ሲባል ሰምቻለሁ ብለዋል። ቡናው አይደለም፤ ሙቀቱ ነው። በ2016 የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣ ማንኛውም መጠጥ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ገልጿል። እኛ ደግሞ ከጀበናው ወርዶ ወዲያው ካልጠጣነው ቀዘቀዘ እንላለን።

 ቡናው በዚያኛው ክፍል ተፈልቷል፤ ከተቀዳ በኋላ ግን ጥቂት አቆዩት።